በአባባ ቀኝ እጅ ላይ የታሰረው ሰዓት

ውድ ኤዲልዮ፣

«ሰዓት አይዋሽም፤ የሚዋሸው ያሰረው ሰው ነው።»

ይህን ያለችው ዶኛ ኑሪስ ናት፣ ሱቋ ውስጥ ሳላሚ እየቆረጠች። ስለ ማን እንደተናገረች አላውቅም፤ የተናገረችውም ለእኔ አልነበረም። ዳቦ ልገዛ ገብቼ ከኋላ ሆኜ ነው የሰማኋት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «የሰማችሁትን ሁሉ አትመኑ» እያልኩ ልጆች ያስተማርኩ ሴት፣ ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳለች ተቀብዬ ከዳቦው ጋር ወደ ቤት ይዣት ገባሁ። አርባ ቀንም ኖርኩባት። ስለ እነዚያ አርባ ቀናት በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። አንተ ግን ስልክ ባነሳህ ቁጥር ወይ ሊፍት ውስጥ ነህ ወይ ከሊፍት በታች ነህ፤ ወሬያችንም ሁልጊዜ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይቋረጣል። ስለዚህ ደብዳቤ።

አስቀድሜ ልንገርህና ተረጋግተህ አንብብ፦ አባባ ደህና ነው።

ለገና የላክህለትን ሰዓት የከፈትን ቀን በቪዲዮ አብረኸን ነበርክ። «ይሄ ልቤን ያያል?» ብሎ ጠየቀህ። «ያያል አባባ። እኔም እዚህ ማድሪድ ሆኜ በስልኬ አየዋለሁ» አልከው። አገላብጦ አገላብጦ አየውና «እናትህ ይሄ ቢኖራት ኖሮ» አለ። ከዚያ ሦስታችንም ዝም አልን። ግንኙነቱ የተበላሸ መስሎህ «ይሰማል? ይሰማል?» ስትል ነበር። ይሰማ ነበር፣ ኤዲልዮ።

ሰዓቱን ለምን እንደላክህ ያን ጊዜ ገባኝ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ እማማ በታመመችበት ሳምንት፣ «ልምጣ ወይ?» ብለህ ስትደውል የእጇን ትርታ ቆጥሬ «ሰባ ሁለት ነው፣ ምንም አልሆነችም፤ አትቸኩል፣ የዓርቡን አውሮፕላን ያዝ» ያልኩህ እኔ ነኝ። በዓርቡ መጣህ። እማማ ረቡዕ ሄዳ ነበር። አንድም ቀን ወቅሰኸኝ አታውቅም። ሰዓት ላክህ።

እንግዲህ አባባን ታውቀዋለህ፤ ሰዓቱን በቀኝ እጁ አሰረው። ጉዊራውን፣ ያን በሽቦ የሚፋቅ የቆርቆሮ የሙዚቃ መሣሪያውን፣ የሚይዘው በግራው ነው፤ ቆርቆሮው መስታወቱን እንዳይቧጭረው ፈራ። ይህ ለእኔ የነገረኝ ምክንያት ነው። አብሮት ለሚጫወተው ለፌዮ የነገረው ሌላ ነው፦ «ሰው የሚያየው የሚፍቀውን እጅ ነው።» በሰባ ስድስት ዓመቱ።

ከዚያ እሑድ መጣ። እንደ ወትሮው ፌዮ በአኮርዲዮኑ፣ ቺቾ በከበሮው፣ አባባም በጉዊራው ከኑሪስ ሱቅ ፊት ለፊት ካለው ማንጎ ሥር ከምሳ በኋላ እስከ ጀምበር መጥለቂያ ተጫወቱ። መልእክትህ አሁንም ስልኬ ላይ አለ፦ «መቶ ሰባ ስምንት! ሚሬያ፣ መቶ ሰባ ስምንት፣ ለሁለት ሰዓት! ሽማግሌው ሊሞት ነው! አስቁሚው!» በሚቀጥለው እሑድም መቶ ሰባ ስድስት። በሦስተኛው አለቀስክ። አንተ ሊፍት ጠጋኝ ነህ፤ ቀይ መብራት ሲበራ ሊፍቱ ይቆማል፣ ክርክር የለም። እኔም ተማጸንኩት።

«አባባ፣ ደረትህን ያምሃል?»

«አያመኝም።»

«ትንፋሽ ያጥርሃል?»

«የሚያጥረኝ አንቺ ስትጠይቂኝ ነው።»

ያን ጊዜ ነው የኑሪስ ንግግር ትዝ ያለኝ። ሰዓቱ የማይዋሽ ከሆነ የሚዋሸው አባባ ነው ማለት ነው። ሕመሙን ይደብቀናል ብዬ አመንኩ፤ ከአንተም ጋር ቆምኩ። «ኤዲልዮ እዚያ ሆኖ እንቅልፍ አጥቷል» አልኩት። ሌላ ምክንያት ባቀርብለት ይሟገተኝ ነበር። ለዚህ ግን እጁን ሰጠ። ጾሙ በሚገባበት በአመድ ረቡዕ ዕለት ያን በሚስማር ተወግቶ የሻከረ ቱቦ ከነሽቦ መፋቂያው በእማማ ፎቶ አጠገብ ሰቀለው።

መንደሩ ስእለት መሰለው። «ቴሌስፎሮ ዘንድሮ ጾሙን አጠበቀ!» ተባለ። ቄሱ በስብከታቸው መካከል ስሙን ሳይጠሩ አመሰገኑት፤ ሁሉም ዞሮ አየው። አባባ አንገቱን ደፋ። እኔ አፍሮ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሌላው ትሕትና ነው ብሎ በእጥፍ አደነቀው።

አርባ ቀን በረንዳ ላይ ተቀመጠ። ጢሙን መላጨት ተወ። ያ ከድስት ሥር የሚፋቀው ያረረ ሩዝ ትዝ ይልሃል፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ከአፋችን የሚነጥቀን? ለዶሮዎቹ መስጠት ጀመረ። ሰዓቱ ግን እንዴት ያለ መልካም ቁጥር ያወጣ ነበር! ስልሳ አንድ። ስልሳ። ሃምሳ ስምንት። አንተም በስልክ ያን የታጠፈ ክንድ የጡንቻ ሥዕል ትልክ ነበር።

«ኤዲልዮ በጣም ደስ ብሎታል» አልኩት አንድ ቀን፣ ሥዕሉን እያሳየሁት።

«አሁን ስንት ነኝ?»

«ሃምሳ ስምንት።»

«ይሄ ልጅ ዜሮ እስኪሆን ነው እንዴ የሚጠብቀው?»

ፌዮ በየሳምንቱ እየመጣ ይጨቀጭቀው ነበር። «አንተ ሽማግሌ፣ በአንተ ፋንታ የቺቾን አማች አስገብተናል። እጁ እንደ ባልዲ እጀታ ነው። ትናንት ሰዉ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? መጨፈሩን ትቶ ቁጭ ብሎ አዳመጠን! ቁጭ ብሎ! በሕይወቴ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም።» አባባ ፈገግ ሊል ይሞክርና ይተወዋል። ከፌዮ ጋር እስከ በሩ መሸኘትም ተወ።

በሰሙነ ሕማማት በየዓመቱ የምንሠራውን ጣፋጩን ባቄላ ለመሥራት ተነሣሁ። ያለ ኮኮናት ወተት አይሆንም፤ ኮኮናት መፋቅ ደግሞ ትከሻዬን ይገድለኛል። ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ብዬ መፋቂያውን ሰጠሁት። ጭኑ ላይ አመቻችቶ ያዘና ጀመረ። መጀመሪያ ዝም ብሎ፣ ኋላ በአፍንጫው እያንጎራጎረ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። አንተ ነበርክ።

«ምን እያደረገ ነው? መቶ ሰባ አምስት ገባ!»

«ኮኮናት እየፋቀ ነው።»

«ኮኮናቱን ቀሚው!»

ቀማሁት። የሰባ ስድስት ዓመት አባቴን፣ በሰሙነ ሕማማት፣ ኮኮናት ቀማሁት። በልጅነቱ እንኳ እንዲህ ተይዞ እንደማያውቅ ሰው አየኝ። ሰዓቱ ትንሽ ቆይቶ ስልሳ ሦስት አለ። እንግዲህ መምህር ነኝና ነገሩን አንድ ጊዜ ብቻ አይቼ አልተውኩትም፤ ኮኮናቱን መለስኩለት። መቶ ሰባ ሁለት። ፊቱን አየሁት፤ ላብ የለም። ትንፋሹ እንደ ተኛ ሕፃን ነው። እንዲያውም እየፋቀ ዶሮዋን ይሰድባት ነበር።

የሚፍቅበትን እጅ አስቆምኩት፣ ወዲያውም ሌላኛውን ይዤ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ቆጠርኩ። ሰባ ሁለት። ቀኙ መቶ ሰባ ሁለት ይላል፣ ግራው ሰባ ሁለት። አንድ ሰው ደግሞ ሁለት ልብ የለውም።

«አባባ፣ ስትፍቅ የምታንጎራጉረው ምንድን ነው?»

«ምን አውቃለሁ» አለ። ቀጥሎ ግን የጆሮው ጫፍ ቀላ። ኮኮናቱን የሚፍቀው በመረንጌ የጭፈራ ዜማ ምት ነበር።

ፌዮ የባቄላ ሳህን ይዞ ሲመጣ (ሚስቱ ዘንድሮም ቅርንፉድ አብዝታበታለች) ነገርኩት። አኮርዲዮኑን ሊያመጣ ሮጠ፤ ሲሮጥ ያየሁት ከጋብቻው ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ጉዊራውን ከእማማ ፎቶ አጠገብ አውርደን ለአባባ ሰጠነው። ፌዮ ዝግ ያለ ዜማ ሲጫወት ሰዓቱ መቶ አርባ፤ ሲያፈጥን መቶ ሰባ፤ ሲያቆም ስልሳ ምናምን። ሰዓቱን ወደ ግራው እጅ አዛወርነውና ያንኑ ፈጣኑን ደገሙት፦ ዘጠና ስምንት።

«ይሄ ሐኪም አይደለም» አለ ፌዮ። «ዘፈናችንን ሊሰርቅ የተላከ የማዶ መንደር ሰላይ ነው።» ፈትቶም በአንድ ያልበሰለ የወጥ ሙዝ ላይ አሰረው። ሰዓቱ ትንሽ አሰበና ስልሳ ስድስት አለ። ፌዮ ሙዙን ከፍ አድርጎ ለአባባ አሳየው፦ «እየው፣ ከአንተ የተሻለ ጤነኛ!» አባባ እስኪያስለው ሳቀ። አርባ ቀን ያልሰማሁት ሳቅ ነው። ያን ቀን ከድስቱ ሥር ያረረውን ሩዝ ራሱ ፋቀ፤ ዶሮዎቹ እስከ ዛሬ ተቀይመውታል።

አንተ ግን በሙዝ እንደማታምን አውቃለሁ። ስለዚህ ፋሲካ እንዳለፈ ከተማ ወስጄው ነበር፣ ወደ ዶክተር ፖላንኮ። አታውቃትም፤ እኔ አስተምሬያታለሁ፣ በሁለተኛው ረድፍ የምትቀመጥ፣ ጥያቄ የማታበዛ ልጅ ነበረች። አሁን ታበዛለች። ደረቱ ላይ ሽቦዎች ለጣጥፋ «የሙዚቃ መሣሪያዎን አምጥተዋል?» አለችው። በዓይኑ ለመነኝ፤ ከከረጢቱ አውጥቼ ሰጠሁት። ከዝግተኛው መግቢያ ጀምሮ እንደ ትልቅ ድግስ አድርጎ ተጫወተ። የመጠባበቂያው በር ክፍት ነበርና ወረፋው ተበላሸ፤ በክራንች የመጣች አንዲት ሴት በአንድ እግሯ ስትወዛወዝ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከፍ ብሎ ከፍ ብሎ መቶ አራት ደረሰ። ከዚያ በላይ አልሄደም። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ልኬልሃለሁ፤ ተራሮቹ እኩል እኩል ናቸው።

እንዲህ አለች፦ ሰዓቱ ከሥሩ አረንጓዴ ብርሃን ያበራል፣ ከቆዳ ሥር የሚመላለሰውን ደም ያያል። እጅ ሲናወጥ ግን ደሙን ከእጁ መለየት ያቅተዋል፤ ካገኘው ነገር ሁሉ ሳይዛነፍ የሚመላለሰውን ይዞ ይቆጥራል። «ተቀምጠው ወይም ተኝተው ከሆነ ብዙም አይሳሳትም» አለች። «ሲፍቁ ግን የቆጠረው ክንድዎን ነው፣ ዶን ቴሌስፎሮ። የማይዛነፈው እሱ ስለሆነ።»

«ይህንንማ» አለ አባባ ሸሚዙን እየቆለፈ፣ «ለፌዮ ሃምሳ ዓመት ስነግረው ኖሬያለሁ።»

ጨው ይቀንስ፣ ሳላሚ ይቀንስ፣ ጉዊራውን አይቀንስ፤ ትእዛዙ ይኸው ነው። የሚጎዳው በረንዳው እንደሆነም ነግራናለች።

ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ፣ ይቅርታ ጠየቅሁት። የአፉን ትቼ የእጁን ስላመንኩ። በመስኮት እያየ «አንቺ ምን ታደርጊ» አለኝ። «ወንድምሽ ከሩቅ ነው የሚወደኝ። ከሩቅ የሚወድ ሰው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ ቁጥር ነው ያገኘው። እኔም ቁጥር ልሁንለት ብዬ ነው የተቀመጥኩት።»

ይህን እንድታውቅ ስለፈለግሁ ነው ከሁሉ በላይ የምጽፍልህ። ጉዊራውን የሰቀለው ሞትን ፈርቶ አይደለም። ለአንተ ብሎ ነው።

አሁን ሰዓቱን በግራ እጁ አስሮታል፤ ስለ አንተ ሲል አያወልቀውም። እሑድ ከምሳ በኋላ ዘጠና ምናምን ብታይ አትደንግጥ፤ እየተጫወተ ነው፣ ሰዉም እየጨፈረ ነው። ለሳን ሁዋን በዓል ሦስቱም መድረክ ላይ ይወጣሉ። ና። በማንጎው ሥር አንድ ወንበር ይዤልሃለሁ፤ ደረቱ ላይ ጆሮህን አስጠግተህ ራስህ ስማው። በዚህ ጊዜ አትቸኩል አልልህም። ቲኬትህን ዛሬ ቁረጥ።

የምትወድህ እህትህ፣
ሚሬያ

ከፊርማዬ በላይ ለመጻፍ ድፍረት ያጣሁት አንድ ነገር ቀርቷል። ከክሊኒኩ ልንወጣ ስንል፣ የአባባን ልብ እኔም በእጄ ቆጥሬ ሰባ ሁለት እንዳገኘሁ ለዶክተር ፖላንኮ ትንሽ ኮራ ብዬ ነገርኳት። «እንዴት ነው የሚቆጥሩት፣ መምህርት?» አለችኝ። እጇን ይዤ አሳየኋት፣ እማማን ስይዛት እንደነበረው። «በአውራ ጣትዎ?» አለች ቀስ ብላ። «አውራ ጣት የራሱ ትርታ አለው። በእሱ ሲቆጥሩ የሚሰማዎት የራስዎ ልብ ነው።» ከዚያ አስቀመጠችኝና በሁለት ጣቶቿ የእኔን ቆጠረች።

ሰባ ሁለት።