አንዴ የጠራ ድምፅ

ሰኞ

ፈገግታ በድምፅ ይሰማል ይላል መጽሐፉ። መንገዱ ስለማያስተማምን ዘንድሮ ተማሪዎቻችንን በስልክ ነው የምናስተምረው፤ ኮሌጁ በኢንተርኔት ስለማስተማር የሚያወራ መጽሐፍ አደለን። እናም ፍኖተ ሰላም ከኪራይ ክፍሌ ቁጭ ብዬ ለግድግዳው ፈገግ እያልኩ ትምህርቱን በድምፅ ቀድቼ ላክሁ። ጉንጬ ዛለ።

ተማሪውን በስሙ ጥራው፣ «እኛ» በል፣ አንተንም በስምህ ይጥሩህ ይላል። ጎጃም ውስጥ መምህሩን በስሙ የሚጠራ ማን ነው? ቢሆንም «ውባለም ብላችሁ ጥሩኝ» አልኳቸው።

ከማንኩሳ ወዲያ ገጠር ካለችው ከይታይሽ በቀር ሁሉም መልሰዋል። የድምፅ መልእክቶቼ ሁሉ እሷ ጋ ይከፈታሉ፤ መልስ ግን የለም። እስከ ዓርብ ካልመለሰች ስሟ ከመዝገብ ይወጣል።

ማክሰኞ

ለብቻዋ ላክሁላት። «ይታይሽ፣ ደህና ነሽ?» ተከፈተ። ዝም።

ስልኩን የያዘችው እሷ ባትሆንስ? ታማ ይሆን? ድረዋት ይሆን? የባሰውን መጻፍ አልፈልግም። ቡሬ ያለችው እህቴ «ካርድ አልቆባት ይሆናላ» አለች። ካርድ ያለቀበት ሰው እንዴት አድርጎ ይከፍታል?

መጽሐፉ «ቅርበትህን አሳያቸው» ይላል። በምን?

ረቡዕ

ሲመሽ ጓሮ ልብስ ከገመድ እያነሳሁ ከአጥሩ ወዲያ «ውባለም» የሚል ሰማሁ። ቀጭን የሴት ድምፅ፣ አንዴ ብቻ። «ወዬ» ልል አፌን ከፍቼ ዋጥኩት። እናቴ እንዲህ ብላ ነው ያሳደገችኝ፦ ሰው ከሆነ ይደግማል፣ ጋኔን አንዴ ጠርቶ ዝም ይላል፤ ሦስተኛውን ሳትሰሚ እንዳትመልሺ።

ቆሜ ጠበቅሁ። አልደገመም።

አከራዬን እትዬ ጥሩወርቅን ጠርተውኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ኧረ እኔስ አልጠራሁሽም። መልሰሽ እንደሁ ብቻ ንገሪኝ» አሉ። አልመለስኩም ስላቸው አማተቡ። ግማሹን ልብስ ገመዱ ላይ ትቼ ገባሁ።

ሐሙስ

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ጥርሴን እየፋቅሁ ድንገት ገባኝ። እኔስ ምን ሳደርግ ነው የሰነበትኩት? አካል የሌለው ድምፅ ሆኜ ሰው ቤት እገባለሁ፣ ልጅቷን በስሟ አንዴ እጠራለሁ፣ ከዚያ ዝም። መጽሐፉ በስም ጥራ አለ እንጂ ስንቴ እንደሚጠራ አልነገረኝም።

ትምህርቱንም ፈገግታውንም ተውኩ። «ይታይሽ። ይታይሽ። ይታይሽ። ሰው ነኝ፣ መምህርትሽ ነኝ» ብዬ ላክሁ።

ተከፈተ። ቀኑን ሙሉ ዝም። ፈራሁ።

ዓርብ

«አቤት፣ መምህርት።»

አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ስሟ አይወጣም።

ቀጥላ ሌላ ላከች። «ሦስት ጊዜ ካልጠሩሽ እንዳትመልሺ ያለችኝ እማ ነች። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ከኋላዋ እናትየዋ «እንግዲህ ሰው ከሆኑስ ያስተምሩሽ» ሲሉ ይሰማል። ሳቅሁ።

ከዚያ ሦስተኛው መጣ፣ በሹክሹክታ። «በስሜ ጥሩኝ ስላሉን ረቡዕ ሲመሽ ከእማ ተደብቄ ደጅ ወጥቼ ነበር። ውባለም ብዬ አንዴ ቀዳሁና አፈርኩ። ሳልልከው አጠፋሁት።»

ደጋግሜ ሰማሁት። ቀጭን ድምፅ ነው።

ጓሮ ወጣሁ። የተውኩት ልብስ ገመዱ ላይ ነው። ማንም የለም። ቢሆንም «ወዬ» አልኩ።