በከፍያለው ስም ያልኩት አቤት

ከፌ ሆዴ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን የሚያመጣልኝ የለም። ካንተ ከተለየሁ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ዘንድሮ ደቻቱ ሞልቶ ሲወርድ ሰው ድልድዩ ላይ ቆሞ ሲያይ ዋለ፤ ብትኖር አንዱ አንተ ነበርክ። ልጃችን ሰብለ ከነባሏ ወደ እኛ ቤት ገብታለች። አንተ ታነብበት የነበረውን ክፍል ሰጠኋቸው፣ ግድግዳውም ተቀባ። የግቢው የኒም ዛፍ ሥሩ አጥሩን ስላነሳው ተቆረጠ፤ አሁን ቀትር ላይ በረንዳው አያስቀምጥም።

ቀትርን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ከተማው ሱቁን ዘግቶ በሚያርፍበት ሰዓት ከበር ውጭ የወንድ ድምፅ ይጠራሃል። ሰፈሩ ሁሉ ከፌ ነበር የሚልህ፤ ይህ ግን «ከፍያለው» ብሎ ነው፣ ረጋ ብሎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ሳላስበው «አቤት» እላለሁ። ወጥቼ ሳይ መንገዱ ባዶ ነው። አንድ ቀን ሰብለ ሰምታኝ «እማ፣ ማን ጠራሽ?» አለችኝ። ማንም አልኳት።

እንዲህ አድርገው የሚጠሩህ የአፈር ትምህርት መምህራችን ነበሩ። ደጋው ላይ በነበረው ኮሌጃችን የመረብ ኳስ ልምምዳችሁ ከከሰዓቱ ትምህርት ጋር ይጋጭ ነበር። ስም ሲጠራ ክፍል የገባው ሜዳ ለቀረው «አቤት» ይልለታል፤ የቡድናችሁ ደንብ ነበር። ላንተ የምለው እኔ ሆንኩ። የመጀመሪያው ቀን መምህሩ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «ከፍያለው ዛሬ ድምፁ ቀጠነ» አሉ። በማግስቱ ራስህ መጥተህ ስትመልስ ደግሞ «ዛሬ ጎረነነ፤ የትናንቱ ይሻል ነበር» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ጓደኞችህ እኔን ባዩ ቁጥር «ድምፅህ መጣች» ይሉህ ጀመር። ልምምዱ ሲያልቅ ሜዳው ዳር ተቀምጠን አንተ የጣትህን ፕላስተር ስትልጥ እኔ ትምህርቱን እነግርህ ነበር። ስለ ጥቁር አፈር ሳወራ አንተ የምታወራው ስለ ተበላሸ ምት ነበር።

ስመልስልህ ውሸት የተናገርኩ መስሎኝ አያውቅም። የኳሱ ድምፅ በመስኮት ይሰማኝ ነበርና።

ባለፈው ወር የቡድናችሁ አምበል አህመድ መጣ። የቀሩት በየዓመቱ አሮጌው ሜዳ ላይ ሲገናኙ፣ ጨዋታው ሳይጀመር እሱ የሁሉንም ስም ይጠራል። ለሞተው ቤተሰቡ «አቤት» ይልለታል። አምና ስላልሄድኩ ስምህ በዝምታ ታለፈ። «አቦ፣ አንቺ እያለሽ ሌላ ማን ይመልስለት?» አለኝ። አልሄድም አልኩት። ምክንያቱን ላንተ ልንገርህ። ያኔ ክፍል ውስጥ ስመልስልህ አንተ ሜዳ ነበርክ። ቤት ሆኜ ስመልስም እዚያው ያለህ ይመስለኛል። ሜዳው ላይ ቆሜ ከመለስኩልህ ግን ሌላ ልትኖርበት የምትችል ቦታ አይቀርም።

አህመድ ግን የሚገናኙበት ዕለት መኪና ይዞ መጣ። አልለመነኝም፤ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ብቻውን ልመልሰው አልጨከንኩም፤ የደንገጎን ዳገት ወጣን። የሜዳው ሲሚንቶ ተሰነጣጥቆ ሣር አብቅሏል። ጓደኞችህ በዚያ ዕድሜያቸው ቁምጣ ለብሰዋል። «ቦርጭህ መረቡን ነካ፣ ነጥቡ የኛ ነው» እየተባባሉ ይሳሳቁ ነበር። አህመድ መጥራት ሲጀምር ተሰለፉ። «ከፍያለው» ሲል ትቆምበት ወደነበረው የመረቡ ጥግ አየሁ። ማንም አልነበረም። «አቤት» አልኩ።

«ነፍስ ይማር» አሉ። ቀብርህ ላይም ብለውታል፤ እኔ የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው።

ትናንት ቀትር ላይ እንደገና ተጠራህ። ዝም አልኩ። መልስ ሲያጣ ደገመው፤ ከዚህ በፊት ደግሞት አያውቅም። ከፌ፣ ቃሌ ይኸው፦ ከእንግዲህ ባንተ ስም አልመልስም። በተጠራህ ቁጥር ግን ሥራዬን አቁሜ፣ ጠሪው እስኪሄድ ድረስ አንተን እያሰብኩ እቀመጣለሁ።