የቃሬዛው አንድ ጫፍ

ግንቦት 8፣ 1999
ሙቀት። ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ነፋሱ ግን የሚደርሰው የግብርና ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። ምሳ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሽሮ ብቻዬን በላሁ። ተኛሁ። ላብ ቀሰቀሰኝ። ከሰዓት ግምገማ። ስለ ሽንኩርት ዘር የተጠራ ስብሰባ ዞሮ ዞሮ ሆዴ ላይ አረፈ። «የካሳሁን ሰውነት ራሱ የኪራይ ሰብሳቢነት ዝንባሌ ያሳያል» አለ ኃላፊው። ተጨበጨበ። ግለ ሂስ አደረግሁ። ሆድ በግለ ሂስ የሚቀንስ ቢሆን ይሄኔ ሸምበቆ ነበርኩ።

ግንቦት 12
እማዬ ዘንድ፣ ቀወት ሄጄ ነበር። አንድ ጎረቤት ታመው የመንደሩ ዕድር፣ ቅሬው፣ ተጠራ። መኪና ስለማይገባ እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ ነው። ከየቤቱ አንድ ወንድ ይሸከማል። አባዬ ካረፈ ወዲህ ከእኛ ቤት ያለሁት እኔ ነኝ። አንዱን ጫፍ ያዝኩ። ዳገቱ ሳይጋመስ ትንፋሽ አጠረኝ… ቃሬዛው አዘነበለ። ታማሚው «ኧረ ጣላችሁኝ!» አሉ። የቅሬው ዳኛ ጋሼ ተሰማ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «ተወው ልጄ፣ አንተ ዣንጥላ ያዝላቸው።» ዣንጥላ! በእኔ ቦታ እሳቸው ገቡ። ሽማግሌው!
ማታ ልንተኛ ስንል እማዬ፣ «እኔ የታመምኩ ለት ከቤቴ ማን ይወጣልኛል?» ይሄን ማን ይችለዋል?

ግንቦት 15
አብዱሰላም፣ ቢሮ ከጎኔ የሚቀመጠው ሂሳብ ሠራተኛ፣ የስፖርት ሲዲ አመጣልኝ። «ወላሂ ይሄን ሰውዬ ከተከተልክ ለክረምት ሰው ትሆናለህ።» እስካሁን ምን ነበርኩ?
ሰውዬው ፈረንጅ ነው። ለጀማሪ ነው ይላል ሽፋኑ። ቁጭ ብድግ ያሰኛል፣ «አንድ ብቻ ቀረ» ይላል፣ ከዚያ ሌላ አንድ ያመጣል። ውሸታም። እኛ ቢሮ ቢቀጠር የዕቅድ ክንውን ሪፖርት ይጽፍ ነበር። ፑሽ አፕ ስሞክር ሆዴ ቀድሞኝ መሬት ደረሰ። ደግነቱ መብራት ጠፋ።

ግንቦት 16
መቀመጥ አቃተኝ። መነሳትም።

ግንቦት 18
ፈረንጁ ብረት ያነሳል። እኔ ብረት ከየት ላምጣ? ሽንኩርት በኬሻ ደረቴ ላይ አቅፌ ቁጭ ብድግ አልኩ። አከራዬ እትዬ ዘነበች በመስኮት እያዩኝ ኖሯል።
«ካሳሁን! በበዓለ ሃምሳ ስግደት እንደማይፈቀድ አታውቅም? ያውም ሽንኩርት አቅፈህ!»
«ስፖርት ነው እትዬ።»
«ስፖርትማ ሜዳ ላይ ነው» ብለው አማተቡ።

ሰኔ 19
ሱሪዬ ሰፋ! ደስ ብሎኝ ቢሮ ገባሁ… ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይዞህ» ይለኛል። እዚህ አገር የወፈረ ኪራይ ሰብሳቢ፣ የከሳ በሽተኛ። መሀል ላይ ያለው የት ነው የሚኖረው?
ማታ እትዬ ዘነበች ገንፎ ይዘው መጡ፣ ቅቤው ይንሳፈፋል።
«እትዬ፣ የሰኔ ጾም እኮ ነው።»
«ለታመመ ተፈቅዷል። ምንህን እንዳመመህ አልጠይቅህም፣ ብቻ ብላ።»
እግዜር ይማረኝ፣ በላሁ። ጣፋጭ ነበር።

ሰኔ 26
ግምገማ። «ካሳሁን ሞራሉ ወርዷል፣ ከሰውነቱ ያስታውቃል።» እንደገና ግለ ሂስ።

ሐምሌ 22
እማዬን ወባ ጥሏታል የሚል መልእክት ደረሰኝ። በዚህ ጭቃ ባጃጅም አይገባ። ነገ ቃሬዛ ነው። ሲዲውን አልከፈትኩም። ከጣልኳትስ?

ሐምሌ 24
ሆስፒታል ሆኜ ነው የምጽፈው። እማዬ ተኝታለች። ትኩሳቱ በርዶላታል፣ ተመስገን።
ትናንት የፊቱን ጫፍ ያዝኩ። ጋሼ ተሰማ አዩኝና ዣንጥላውን ለሌላ ሰው ሰጡ። ዳገቱ ላይ ማለክለክ ጀመርኩ። ከብርድ ልብሱ ውስጥ የእማዬ ድምፅ መጣ።
«ማነው እንዲህ የሚያለከልከው?»
«እኔ ነኝ እማዬ።»
«በሉ እኔን አውርዱና እሱን ጫኑት!»
ተሸካሚው ሁሉ ሳቀ። ተረኛው ሊቀበለኝ ሲመጣ አልለቅም አልኩ፣ አስፋልቱ ድረስ አደረስኳት። «ጠንክረሃል» አሉ ጋሼ ተሰማ፣ ሰው አመስግነው የማያውቁት ሰውዬ።
ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን እዚህ ደርሰን አልጋ ላይ ሳወጣት ብቻዬን አነሳኋት… ምንም አልከበደችኝም። የት ልጠንክር እኔ፣ እሷ ናት የቀለለችው። መቼ ነው እንዲህ ያለቀችው? በሄድኩ ቁጥር ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ስበላ ነበር እኮ። «ጨምር፣ ጨምር» ስትለኝ እሷ መጉረሷን አንድ ቀን አላየሁም።
ከዚህ ስትወጣ ወደ ቀወት አትመለስም፣ እኔ ጋ ነው የምትገባው። ገና አልነገርኳትም። እምቢ ማለቷ አይቀርም።