እምቢ ማለት ነውር ለሆነባቸው ጠበቃዬ

ሐምሌ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጠበቃና የሕግ አማካሪ አቶ ሽፈራው
ሃያ ሁለት፣ ከካፌው በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ

ጉዳዩ፦ በልጄ በሩሃማ ላይ ስለተስማሙልኝ ስምምነት ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ጠበቃዬ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? በየቀጠሮው ዋዜማ እየጠበቀ የሚይዝዎ ያ ጉንፋን ለቅቆዎት፣ እርስዎም ሆኑ ቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ጥብቅና ከቆሙልኝ ወዲህ እግሬ በመንገድ፣ ዓይኔም በንባብ ጠንክሯል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎት ክብርዎን ለመንካት አስቤ ሳይሆን፣ ላለፉት ሦስት ሳምንታት ስልክዎን ስላላነሱልኝና ጸሐፊዎ ሀይሚም ስብሰባ ላይ መሆንዎን ከመንገር በቀር ሌላ ዜና ስለሌላት ነው። ሦስት ሳምንት የሚፈጅ ስብሰባ ያለበት ሰው ምን ያህል እንደሚደክም እረዳለሁ።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ጉዳዩን ባጭሩ ላስረዳ። እኔ አዝመራ የምባል፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የምኖር፣ በአንድ መድኃኒት ቤት የምሠራ ሴት ነኝ። ከባለቤቴ ከእዝራ ጋር አሥር ዓመት በትዳር ከኖርን በኋላ፣ ማንም ማንንም ሳይመታና ሌላ ሰው በመሃላችን ሳይገባ ዝም ብለን እየተራራቅን ስለመጣን፣ ባለፈው ጥር ፍቺ እንዲወሰንልኝ ለፍርድ ቤት አመለከትኩ። ቤቱም፣ ፍሪጁም፣ ሶፋውም በንግግር የሚያልቁ ነገሮች ነበሩ። የማልደራደርበት አንድ ነገር ቢኖር የስምንት ዓመቷ ልጃችን ሩሃማ ከእኔ ጋር መኖሯ ነው፤ ይህንንም መጀመሪያ ቢሮዎ በመጣሁበት ቀን ስነግርዎት በቀይ አጀንዳዎ ላይ ጽፈው ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

እርስዎን የመረጥኩበትን ምክንያትም መደበቅ አልፈልግም። በቤት ኅብረታችን ያሉ እኅቶች ጠበቃ ሽፈራው በሃያ ዓመት ሥራቸው ከአንድ ሰው ጋር እንኳ ተቀያይመው እንደማያውቁ ሲመሰክሩልዎት ሰምቼ ነው። የሚከራከርልኝ ሰው የምፈልግ ሴት ይህን ስሰማ ቆም ብዬ ማሰብ ሲገባኝ፣ ልቤ በደስታ ሞልቶ በማግስቱ ከቢሮዎ ተገኘሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድዎን አየሁ፤ እንደ እኔ ያለ ጉዳይ ስንት እንደያዙና መጨረሻቸው ምን እንደሆነ ግን ሳልጠይቅ በዚያ ምቹ ወንበርዎ ላይ ተቀመጥኩ። ይህኛው ጥፋት የራሴ ስለሆነ በዝርዝሩ ውስጥ አላስገባሁትም።

የቀረውን ምስጋናዬን እነሆ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስላዘጋጁልኝ ውክልና አመሰግናለሁ። በእኔ ስም ሆነው እንዲከራከሩ ብቻ ሳይሆን እንዲታረቁና እንዲስማሙም ሥልጣን እንደሰጠሁዎት ያወቅሁት ከአምስት ወር በኋላ ነው። በዕለቱ በሰነዶች ማረጋገጫው ቢሮ ከኋላዬ የቆመው ሰልፍ በሩን አልፎ ነበር፤ እርስዎም የብዕሩን ክዳን ከፍተው ከጎኔ ቆመዋል፤ የገዛ ጠበቃዋን አላምን ብላ ሁለት ገጽ ሙሉ እያነበበች ሕዝብ የምታስቆም ሴት መባሉን ፈራሁ። እንደ ሰዉ ሁሉ የመፈረሚያውን ቦታ ብቻ ፈልጌ ፈረምኩ።

ሁለተኛ፣ ለድካሜ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። ለመጀመሪያው ቀጠሮ ከየካ አባዶ ድረስ መንገላታት እንደማያስፈልገኝ፣ ጠበቃ የሚያዘውም ለዚሁ እንደሆነ ስለነገሩኝ፣ ከሥራ ያስፈቀድኩበትን ቀን ቤቴ ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ዳኛዋ ግን በፍቺ ጉዳይ ባልና ሚስቱን ራሳቸውን ማነጋገር ይፈልጉ ኖሮ፣ እዝራን ብቻውን ቆሞ ስላገኙት ለሌላ ቀን ቀጠሩ። እርስዎ ለእኔ የነገሩኝ ግን ችሎቱ ተጨናንቆ እንደነበር ነው። በኋላ ራሴ ሄጄ መዝገቡን ሳይ ስለ መጨናነቅ የተጻፈ ነገር የለም፤ የተጻፈው አመልካቿ አለመቅረቧ ነው።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሡኝ። በሁለተኛው ቀጠሮ ፍርድ ቤቱ በመረጥናቸው ሽማግሌዎች አማካይነት እንድንነጋገር ጊዜ ሲሰጠን፣ ሽማግሌ የመምረጡን ሸክም ከትከሻዬ አንስተው የእዝራን አጎት ጋሽ ላጲሶንና ሁለት ወዳጆቻቸውን መረጡልኝ። እኔ ብገኝ ነገሩ እንደሚጋጋል፣ እርስዎ እኔን ሆነው ቢቀርቡ ግን በሰላም እንደሚያልቅ አስረድተውኝ ወሎ ሰፈር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ለምሳ ተሰበሰባችሁ። በሰላም ማለቁስ በእርግጥ በሰላም ነው ያለቀው። ሩሃማ ሆሳዕና ከአያቷ ዘንድ ሆና ብታድግ ምን ይመስላችኋል ተብሎ ሲነሳ፣ ጋሽ ላጲሶ ወደ እርስዎ ዞረው በትህትና ጠየቁ፤ እርስዎም በሽማግሌ ፊት እምቢ ማለት ነውር ስለሆነብዎ ተስማሙ፤ በውክልናዬም ፈረሙ።

ሽማግሌን ማክበር እኔም ያደግሁበት ነው፤ ብዙ ጠብ በዚህ ይሉኝታ መብረዱንም አልክድም። ነገር ግን እርስዎ ወደዚያ ጠረጴዛ የሄዱት እንደ አራተኛ ሽማግሌ ሳይሆን፣ እኔ ለማለት የሚከብደኝን እምቢ እንዲሉልኝ የተላኩ ሰው ሆነው ነበር። ጋሽ ላጲሶ እንደነገሩኝ ስምምነቱ እጅግ ያማረ ነበር፤ ተጸልዮበታል፣ ጥብስም ተበልቶበታል፣ የማንም ፊት አልጠቆረም። በዚያ ቤት ውስጥ ማንም እንዳይቀየም ሲባል የተሰጠችው የእኔ ልጅ ናት።

አራተኛ፣ ይህን ሁሉ ባለመንገር ከጭንቀት ስለጠበቁኝ አመሰግናለሁ። የሰማሁት በሰኔ ወር፣ ከሥራ መልስ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እየወጣሁ ሳለ፣ ከሆሳዕና በተደወለ ስልክ ነው። የደወሉት የእዝራ እናት እማማ ፈለቀች ናቸው፤ ክፋት የሚባል ያልፈጠረባቸው ሴት ናቸው። ለመስከረም የትምህርት ቤት ጫማ ሊገዙላት ስላሰቡ የሩሃማን የእግር ቁጥር ጠየቁኝ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ፈራሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ሠላሳ ሁለት ነው ብዬ መለስኩላቸው።

አምስተኛ፣ ቢሮዎ ከቤቴ ሩቅ ስለሆነ አመሰግናለሁ። ከዚያ ስልክ በኋላ የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ መገናኛ ካገኘሁት መጽሐፍ አዟሪ ገዝቼ፣ እርስዎን ፍለጋ ስመላለስ በታክሲ ውስጥ አነበብኩት። የተፈረመ ስምምነት ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ስምምነት እንዳልሆነ፣ የልጅን ደህንነት የማይጠብቅ ከሆነም ዳኛ ሊጥለው እንደሚችል፣ የሰጠሁትንም ውክልና ባሰኘኝ ቀን ልሽረው እንደምችል ተረዳሁ። እርስዎ በአምስት ወር ያላስረዱኝን ሕግ ለመረዳት አራት ምልልስ በቃኝ፤ አራቱንም ጊዜ ቢሮዎ ዝግ ነበር።

እንግዲህ ያለፈው ማክሰኞ ውክልናውን ሽሬ፣ መሻሪያውን ይዤ፣ ብቻዬን ችሎት ቆምኩ። ዳኛዋ በቀረበው ስምምነት እስማማ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አልስማማም አልኩ። ከጥር ጀምሮ በዚህ መዝገብ ላይ ማንም ያልተነፈሳት ቃል ስለነበረች ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ይበልጥ የሚገርምዎ ግን የተደናገጠው እዝራ መሆኑ ነው። መርካቶ ዕቃ የሚገዛ ሰው ቀንሶ እንደሚጠራው ሁሉ እሱም እንከራከርበታለን ብሎ የጠራት ሐሳብ፣ ያለ ክርክር ተፈርማ ስትመጣለት አጎቱን አፍሮ ሐሳቡን ማንሳት እንዳቃተው፣ እኔም ፈቅጄ እንደሆነ አምኖ ሁለት ወር ሙሉ እንዳዘነብኝ ለችሎቱ ተናገረ። ዳኛዋ ሩሃማን በቢሯቸው ለብቻዋ አነጋገሯት፤ ምን እንዳለቻቸው አልጠየቅኋትም፣ ወደፊትም አልጠይቃትም።

ፍቺው ተወሰነ። ሩሃማ ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ ቅዳሜና በዓል ከአባቷ ጋር ትውላለች፤ ክረምቱን ሆሳዕና ሄዳ አያቷን ታያለች። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳለቅስ ሶፍት ያቀበለኝ እዝራ ነው። አሥር ዓመት አብረን ኖረን እንዲህ ተግባብተን አናውቅም፤ ለዚህም ሳላመሰግንዎት ብቀር ቅር ይለኛል።

ስለሆነም ከእንግዲህ ወዲህ በእኔ ስም ከማንም ጋር፣ በምንም ጉዳይ፣ በማንኛውም ምሳ ላይ እንዳይስማሙልኝ በታላቅ ትህትና እየለመንኩ፣ ለእርስዎ የተትረፈረፈ ጤና፣ ለጉንፋንዎ ምሕረት፣ ለደንበኞችዎ ደግሞ ረጅም የታክሲ መንገድ እመኛለሁ።

ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ደንበኛዎ
አዝመራ
ከየካ አባዶ

ግልባጭ፦
ለጋሽ ላጲሶ፣ ለመረጃ ያህል
ለወይዘሪት ሀይሚ፣ ስብሰባው ሲያበቃ እንድታስረክባቸው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማክሰኞ ዕለት ከችሎት ስወጣ ሮዳስ የምትባል አንዲት ወጣት እናት የፍቺ ክርክር እንደጀመረች ነግራኝ፣ የማውቀው ጠበቃ እንዳለ ጠየቀችኝ። እኔም የተዋለልኝ ውለታ የሚጠፋኝ ሴት ስላልሆንኩ ስምዎንና ስልክ ቁጥርዎን በጥንቃቄ ጽፌ ሰጠኋት፤ ለባሏ እንድታቀብለው።