ቀኙ የኛ፣ ግራው የእጥፉ

ረቡዕ፣ መጋቢት 16 ቀን
ከሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር

ለምወድሽ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? የምታስታምሚያቸውን አሮጊት ብቻሽን ከአልጋ አታንሻቸው ብዬሽ ነበር። እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ። እኔ እግሬም እጄም ደህና ነው። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ እህት ናት። ዓርብ ትሳፈራለች፣ ቅዳሜ እጅሽ ላይ ታደርሰዋለች። ቆመሽ አታንብቢው፣ ቁጭ በይ።

እሑድ ስትደውዪ “ጠብታ ተኝታለች” አልኩሽ። ልጅሽ አልተኛችም ነበር። እዚህ አልጋ ላይ፣ አጠገቤ ተቀምጣ በኮሪደሩ የሚያልፉትን ነርሶች እየቆጠረች ነበር። ጭንቅላቷ ውስጥ ዕጢ አለ ብለዋል። ነገ ጠዋት ይከፍቷታል፤ አንቺ ይህን ስታነቢ ሐሙስ አልፏል። በስልክ ልነግርሽ አፌን ከፈትኩ፣ ከኋላሽ አሮጊቷ ሲጠሩሽ ሰማሁና መልሼ ዘጋሁት። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ቤት፣ ወጥ ቤት ቆመው የሚሰሙት አይደለም።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ከመጀመሪያው ካልነገርኩሽ የኔ ድርሻ አይታይሽም።

አንቺ በሄድሽ በሦስተኛው ወር፣ በመዋለ ሕፃናቱ ወለል እንዳጸዳ የቀጠሩኝ ሰዎች ልጆቹን ቀለም እንዳስነካ አዘዙኝ። መምህሯ ልትወልድ ሄዳ ነበር። “ለሁለት ሳምንት ብቻ” አሉኝ፣ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የውሃ ቀለም ያስተማረኝ ሳሙና የተጠቀለለበት ወረቀት ነው። “ወረቀቱን በንጹሕ ውሃ ካረጠባችሁ በኋላ” ይላል፣ ከዚያ ተቀዷል። አንድ ወር ሙሉ ወረቀት እያረጠብን ቁጭ እንል ነበር። ልጆቹ “እትዬ ቀለም፣ ምንድን ነው የምንጠብቀው?” ሲሉኝ “ቀሪውን” እላቸዋለሁ። አንድ ቀን አንዷ ሰልችቷት ከብሩሿ ሰማያዊ ስታንጠባጥብበት ቀለሙ እንደ አበባ ተፈታ። ቀሪው እሱ ሆኖ ተገኘ። ያቺ ልጅ ያንቺ ናት። ጠብታ የሚለው ስም የወጣላት ያን ቀን ነው።

ሌላውንም እንዲሁ ከየብጣሹ እየለቀምኩ ተማርኩት። ቀለሙ ሳይደርቅ ጨው ከነሰነስሽበት ጨው ያረፈበት ሁሉ ኮከብ ይሆናል። ጠብታውን በስትሮ ስትነፊው ቅርንጫፍ ያወጣል። ልጆቹ ከሁሉ የሚወዱት ግን እጥፍን ነው። ወፍራም ወረቀት ለሁለት አጥፈሽ ትዘረጊያለሽ፣ ቀለሙን በቀኙ ገጽ ብቻ ታፈሺበታለሽ፣ ግራው ባዶ ይቀራል። ከዚያ ገጥመሽ በመዳፍሽ ትጫኚዋለሽ፤ ስትከፍቺው ሁለት ክንፍ ያለው ቢራቢሮ። ትንንሾቹ ግን ከተውሻቸው ወረቀቱን ሞልተው ይለቀልቁትና ስትከፍቺው ጭቃ ብቻ ነው። ስለዚህ መዝሙር አወጣሁላቸው፤ “ቀኙ የኛ፣ ግራው የእጥፉ።” ሃያ ሁለት ልጆች እሱን እየዘመሩ ሲቀቡ ዳይሬክተሯ ሳይቀሩ በር ላይ ቆመው ይስቁ ነበር።

መዝሙሩን እንደ ጠብታ ያከበረ የለም። ጨው በምንነሰንስበት ቀንም፣ በስትሮ በምንነፋበት ቀንም የግራውን ገጽ አትነካውም። ዳኛው የምንለው፣ በሁሉ ሥራ ላይ የሚፈርድ ልጅ አለ፤ “ጠብታ ግማሽ ሰነፍ ናት” አለ። እኔ ተቆጣሁት። “ሰነፍስ አንተ፤ የተነገራትን የምትሰማ እሷ ብቻ ናት” አልኩና በሁሉም ፊት አስጨበጨብኩላት። አራት ወር አጨበጨብንላት፣ ልጄ።

የላክሁልሽን ሦስት ሥዕሎች ግድግዳሽ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ ብለሽኝ ነበር። “እማ፣ ሁሉም ግማሻቸው ለምን ባዶ ሆነ?” ብለሽ ጠየቅሽኝ። “ሳይታጠፉ ደርቀው ነዋ፤ አንቺ ደግሞ ባሕር ማዶ ሆነሽ ስሕተት ትለቅሚያለሽ” ብዬ ሳቅሁብሽ። ያየሽው አንቺ ነሽ። ከዚያ ሁሉ ርቀት ያየሽው አንቺ ነሽ።

የውሃውን ኩባያ በግራዋ ሳስቀምጥላት በየቀኑ በክንዷ ትደፋው ነበር። “እጅሽ ዐይን የለውም” እያልኩ ወደ ቀኟ አዞርኩላት። መድፋቱ ቀረ፣ እኔም አረፍኩ። በር ስታልፍ ግራ ትከሻዋን ትመታለች። ገላዋን ሳጥባት የበለዘውን እያየሁ “ከበሩ ጋር ምን አጣላችሁ?” እያልኩ እቀልድባት ነበር። ዐይን ቢያይ ልብ ካላስተዋለ ምን ይረባል።

የዛሬ ሁለት ሳምንት የሻማ ቀን ነበር። ልጆቹ ሳይገቡ በነጭ ሻማ በየወረቀቱ ላይ የማይታይ ሥዕል እሥላለሁ። እነሱ ቀለም ሲያለብሱት ውሃው ከሻማው ይሸሽና ሥዕሉ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። ያን ቀን ለሁሉም ድመት ሣልሁላቸው፣ ሳላስበው ሁሉንም በግራ በኩል። ክፍሉ ተናወጠ። “የኔ ጢም አላት።” “የኔ ጭራዋን ማን በላው?” ጠብታ ብቻ ከንፈሯ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

“ለኔ አልሣልሽልኝም” አለችኝ።

“ሁሉንም ቀቢዋ። ዛሬ እጥፍ አይደለም።”

“ሁሉንም ቀባሁት።”

ግማሹ ነጭ ነው። ብሩሹን ተቀብዬ ነጩ ላይ ሰማያዊ አሳለፍኩበት፣ ድመቷ ጆሮዋን አቁማ ወጣች።

“ይኸውልሽ።”

“የት?”

ጣቴን ድመቷ ላይ አሳረፍኩ። “እዚህ።”

“የት ነው፣ እማ?”

የምትቀልድብኝ መሰለኝ። ወረቀቱን አስጠግቼ ላሳያት ሳነሣው እጄ ላይ ዞረ፤ ላዩ ታች፣ ግራው ቀኝ ሆነ። ጠብታ ሳቀች። “አሁን መጣች፣ ተገልብጣ መጣች” አለች። መልሼ አዞርኩት። “ሄደች።” እንደገና አዞርኩት። “መጣች።” እሷ ጨዋታ መስሏት ትስቃለች። እኔ ከልጆቹ ትንሽ ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ።

የዐይን ሐኪሙ ዐይኗ ደህና ነው አለ። ጭንቅላቷን ስካን ያነሡት ግን በማግሥቱ እዚህ አስተኙን። ዶክተሯ ያንቺ ዕድሜ ናት፣ “እናቴ” እያለች ነው የምትጠራኝ። የግራውን ዕይታ የጋረደው ዕጢው ነው አለችኝ። ካልወጣ ክረምቱን አታይም። ከወጣ፣ እንደሷ ካሉ አሥር ልጆች ስድስቱ ይተርፋሉ። የጠፋው ዕይታ ግን አይመለስም።

“ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ትንሽ ሆኖ እናገኘው ነበር” አለችኝ። “ምንም ምልክት አላሳየችም?”

“አላሳየችም” አልኳት።

ለሷ ዋሸሁ። ላንቺ አልዋሽም።

ሁለተኛው በደሌ ደግሞ ትናንት የሠራሁት ነው። የቀዶ ሕክምናውን የፈቃድ ወረቀት የሚፈርመው ወላጅ ነው ተባለ። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚያወራ ሰው ነው።

“አባት?”

“የለም።”

“እናት?”

“ውጭ አገር ናት።”

“እዚያ ትፈርምና አስመስክራ ትላከዋ። ቢፈጅ ስድስት ሳምንት ነው።”

“ዶክተሯ ከሐሙስ አይለፍ ብላለች።”

“እኔ ዶክተር አይደለሁም፣ እትዬ። እኔ ወረቀት ነኝ።”

ጠብታ ጭኔ ላይ ነበረች። ሰውየው ራራ መሰለኝ፣ ወደሷ ጎንበስ አለ። “አንቺ ሚጢ፣ እናትሽ ማናት?” አላት። እሷም እጄን በሁለት እጇ አነሣችና “ይቺ” አለችው።

“በስልክ ያለችውስ?” ብዬ ላስታውሳት እችል ነበር። አላስታወስኳትም። ሰውየው ሽበቴን አየ፣ እጄን አየ። ከዚያ መነጽሩን አውርዶ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ። “እኔ ያለ መነጽር አላይም። ጠርጌ እስክጨርስ ሙሊው” አለኝ። “ዝምድና” በሚለው ፊት “እናት” ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ጠርጎ እስኪጨርስ ድረስ ብዙ ቆየ።

ብጠይቅሽ ትፈቅጂ እንደነበር አውቃለሁ። ከማይተርፉት ከአራቱ አንዷ ከሆነች ግን የፈረመችው እጅ የኔ ትሁን እንጂ ያንቺ አትሁን ብዬ ነው። ራሴን ያሳመንኩት በዚህ ነው። እውነቱ ግን “ይቺ” ስትል ደስ ብሎኛል። እሱን ሆድ ይፍጀው ልል ነበር፤ እጄ ቀድሞኝ ጻፈው።

ዛሬ ጠዋት ቀለሟን ይዤላት መጣሁ። ነርሷ “አልጋ ላይ ውሃ ክልክል ነው” አለችና ኩባያውን ራሷ ይዛልን ቆመች። ጠብታን “ለእናትሽ ሥዪላት” አልኳት። የቀኙን ቀባች። ከዚያ ማንም ሳያዛት ወረቀቱን አዞረችና የቀረውን ቀባች። ወረቀቱ ሞልቷል። ከዚህ ጋር አለልሽ። ሁለት ቤት ነው፣ አንዱ በጣሪያው የቆመ፤ ከየትም ብትይዢው አንዱ ይገለበጥብሻል። በአንዱ በር የቆመችው እኔ ነኝ። በሌላው ያለችው ማን እንደሆነች ስጠይቃት “እሷን ገና አላውቃትም” አለችኝ። ያለችውን እንዳለችው ጻፍኩልሽ፣ አልቀነስኩም።

ፀጉሯን ሊላጩ መጥተዋል። ጠቅልዬ አስቀምጥልሻለሁ። አልጋው በግራዋ በኩል ግድግዳ ነው፤ ስትነቃ በምታይበት በኩል እንድቀመጥ ዶክተሯ ፈቅዳልኛለች።

እሑድ በሰዓትሽ ደውዪ። ምንም ቢሆን አነሣለሁ። ልትሰድቢኝ ብትፈልጊ ወደ ውጭ ውጪና እንደልብሽ አውርጂብኝ፤ ያንሰኛል እንጂ አይበዛብኝም። ዝም ካልኩሽ ግን ስልኩን አትዝጊው። የምለው ቃል እስኪመጣልኝ ያዢልኝ።

ፈጣሪ ብቻሽን አይተውሽ። የያዝሽው ይጽናልሽ፣ የምትጠሪው ሁሉ አቤት ይበልሽ።

እናትሽ