ሀሎዊን በአሥራ አንደኛው ፎቅ

ኦክቶበር 22፣ ማክሰኞ
ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀምጬ ነው የምጽፍብህ፣ ደብተሬ። ሁለት ሰው ይቀድመኛል። ሊፍቱ ውስጥ ወረቀት ለጥፈዋል። የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ሀሎዊን ነው፤ ልጆች አስፈሪ ልብስ ለብሰው በየፎቁ እያንኳኩ ከረሜላ ይጠይቃሉ፤ ፈቃደኛ የሆነ በሩ ላይ የዱባ ሥዕል ይለጥፍ። ልጄ ሜላት ስታየው ዘጠኝ ዓመቷን ረስታ ዘለለች። አይሆንም አልኳት። ለምን? የእኛ አይደለም። ሌላ ምክንያት አላዘጋጀሁም ነበር።

ኦክቶበር 24፣ ሐሙስ፣ ከሺፍት መልስ
ወገቤ ተቆርጧል። ቀኑን ሙሉ መጦሪያው ውስጥ አረጋውያን ሳነሳ ሳስተኛ ዋልኩ። ቤት ስገባ ልጅቷ ላይብረሪ ሄዳ፣ አጥንታ ጠበቀችኝ። በእንግሊዝኛ ትዘረግፈዋለች። ድሮ ድሮ የአየርላንድ ሰዎች አዝመራ ሰብስበው ብርዱ ሊገባ ሲል ሙታን ይመጣሉ ብለው ያምኑ ነበር አሉ። ሙታኑ እንዳያውቋቸው ሰዎቹ ፊታቸውን ይሸፍኑ ነበር። ዱባውም በኋላ የመጣ ነው፤ አሜሪካ ሲሻገሩ አገኙት።

እሺ፣ ይሁን። ግን እዚህ የዓለም ደቡብ አሁን ጸደይ ነው። ሰፈራችን ካርልተን በሙሉ አበባ ነው፣ የሁሉም ሰው አፍንጫ ይፈሳል፣ ፀሐይዋ ሁለት ሰዓት ሊሆን እስኪል አትጠልቅም። በጠራራ ፀሐይ የሚዞር ሙት የት አገር ነው ያለው?

አንቺስ ለእንቁጣጣሽ በር አላንኳኳሽም? አለችኝ። እኛማ አበባ ይዘን፣ ዘፍነን፣ መርቀን ነው የምንቀበለው። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል አልኳት። ቅል ምንድነው አለች። ተናድጄ ሻወር ገባሁ።

ኦክቶበር 27፣ እሑድ
እትዬ ዘነበች ከቅዳሴ በኋላ ያዙኝ። የፎቃችን ሐበሻ ሁሉ እናት ናቸው፤ ምላሳቸው ደግሞ ከታክሲ ይፈጥናል። ይሄ የሰይጣን በዓል መጣ፣ ልጅሽን እንዳታወጪ አሉ። ኧረ በጭራሽ እትዬ፣ ምን ነክቶኝ! አልኳቸው።

ለአንተ ልንገርህ፣ ለማንም አታውራ። ሰይጣኑ ትዝ ብሎኝም አያውቅ። የምፈራው እሳቸውን ነው።

ኦክቶበር 31፣ ሐሙስ፣ ማታ 1 ሰዓት ተኩል
ንድድ ብያለሁ። ሜላት አራተኛ ፎቅ ጓደኛዋ ዘንድ የቤት ሥራ ልሥራ ብላ ወጣች። ቆየት ብሎ በሬ ተንኳኳ። የዱባ ሥዕል አልለጠፍኩም፣ ማን አይቶ! አምስት ልጆች። አንዱ አጽም፣ ሁለት ጠንቋይ፣ አንዱ ምን እንደሆነ ራሱም አያውቅ። አምስተኛዋ ከራሷ እስከ ጉልበቷ ነጭ ለብሳለች።

የእኔ ነጠላ። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሐዘንተኛ።

ጮኼ ልገልጣት ፈለግሁ፤ በጓደኞቿ ፊት አላስቻለኝም። ከረሜላ የለኝም፣ ቆሎ አመጣሁ። በእፍኝ በእፍኝ ሰጠኋቸው። አጽሙ አሽትቶ ምንድነው አለ። ባለ ነጠላዋ እጇን ዘረጋች፤ እኔ የገዛሁላት ሰዓት አለ። ድምጿን አወፍራ እግዜር ይስጥልኝ አለች። ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ የምትመልስልኝ ልጅ!

ኖቬምበር 1፣ ዓርብ
ነጠላው ተጣጥፎ መሳቢያው ውስጥ ተመልሷል። የቤት ሥራው እንዴት ነበር? ጥሩ ነበር አለች፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ። ትናገራለች ብዬ ቀኑን ሙሉ ጠበቅሁ። አልተናገረችም። ይሄን ውሸት ከማን ተማረችው? ከአባቷ ወገን ነው አልኩ። እሱ ማታ ሺፍት ላይ ነው፣ አይሰማኝም።

ኖቬምበር 3፣ እሑድ
ደብተሬ፣ ዛሬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። እትዬ ዘነበች ሴቶቹን ሁሉ ሰብስበው፣ እጄን ይዘው፣ እናት ማለት ይቺ ናት አሉ። ልጇን ከቤት ንቅንቅ አላደረገቻትም። ሜላት አጠገቤ ናት። ሽቅብ እያየች ምን እንደምል ትጠብቃለች።

እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ።

ትራም ላይ ሁለት ፌርማታ ሄድን። ከዚያ ባለ ነጠላዋ እኔ እንደነበርኩ ታውቂ ነበር? አለችኝ። አዎ። ታዲያ ለእትዬ ለምን አልነገርሻቸውም? መስኮቱን አየሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ውሸቷን ሳብጠለጥል ከረምኩ፣ የእኔ በአደባባይ ሆነ።

ኖቬምበር 4፣ ሰኞ
አልተኛሁም። ያፈርኩት በእሷ አይደለም።

እትዬ ዘነበች ጋ ደወልኩ። ቤት ነዎት? ነኝ፣ ነይ አሉ። ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ከተማውን አቋርጦ እስከ ሰንሻይን ዌስት ድረስ ነው የሚሰማው። ይሰማ። ሜላት በሩ ላይ ቆማ እኔ ልቅር? አለች።

አትቀርም። ስዋሽ ያየችኝ ልጅ፣ እውነቱን ስናገርም ትየኝ።