መርፌና ጾም

ነሐሴ 11፣ ከሚሴ

ባለቤቴ ዘነበች ዛሬ ቅዳሴ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። የስኳር በሽተኛ ናት። ጠዋት «መርፌሽን ሳትወጊ እንዳትወጪ» ብያት ተወጋች፤ ግን ፍልሰታ ነው ብላ ቅዳሴ እስኪወጣ እህል አልቀመሰችም። ኢንሱሊን ተወግቶ መጾም እንደሚገድል ስንቴ ነገርኳት!

ጎረቤታችን ሰይድ በባጃጁ ጤና ጣቢያ አደረሰን። ግሉኮስ ተሰጥቷት ነቃች። «አልሐምዱሊላህ! እትዬ ዘነቡ፣ በእኛም እኮ የታመመ አይጾምም» አላት ሰይድ።

ቤት እንደገባን የንስሐ አባታችንን አስጠራሁ። «ልጄ፣ እግዜር የበሽተኛ ጾም አይፈልግም። በልተሽ አስቀድሺ፤ ፈቅጄልሻለሁ» አሏት። ተገላገልኩ አልኩ።

መስቀላቸውን ተሳለመችና «አባቴ፣ በሽተኛ መሆኔን የምረሳው ከሰው እኩል ጾሜ ስቆም ብቻ ነው። በልቼ ከሄድኩማ እዚያም በሽተኛ ነኝ» አለች።

«ሞተሽ እርሺው!» ብዬ ጮህኩባት። አባ አንገታቸውን ደፉ።

ነገም ቅዳሴ አለ። ነጠላዋን አጥባ አስጥታለች። ጠዋት መርፌውን ብሰጣት እንደዛሬው ትወድቃለች፤ ብከለክላት ስኳሯ ከፍ ይላል። የቱን እንደማደርግ አላውቅም።